ገጹ ጠረጴዛ ላይ ሲፈተን

ጋሪ ጋይጋክስ «ዘ ኪፕ ኦን ዘ ቦርደርላንድስ» በተባለው የጀብዱ መጽሐፉ ጎብሊን የተባሉ ጭራቆችን ዋሻ ሲጽፍ አንዲት ትንሽ ነገር አኑሮበታል። ጎብሊኖቹ ጥቃት ሲደርስባቸው ይጮኹና 250 የወርቅ ሳንቲም የያዘ ከረጢት በድብቅ በር ወደ ጎረቤታቸው ይወረውራሉ። ጎረቤታቸው ኦግር ነው፤ ግዙፍ፣ ጉልበተኛ፣ ሰው በላ። ገንዘቡን ያነሳና ሊያግዛቸው ይመጣል። ነገሩ በጽሑፍ ከጥቂት መስመር አያልፍም። በዚያች ጥቂት መስመር ውስጥ ግን ጉርብትናም፣ ውልም፣ ዋጋም አለ። ኦግሩ የሚዋጋው ጎብሊኖቹን ወዶ አይደለም፤ ስለከፈሉት ነው። ይህን ያስተዋለ ተጫዋች «እኛስ ከፍ አድርገን ብንከፍለው?» ማለቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ውጊያ የነበረው ነገር ድርድር ይሆናል። ጋይጋክስ ድርድሩን አልጻፈውም። የሚቻል አድርጎት ግን ሄዷል።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልግለጽ። «ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» እ.ኤ.አ. በ1974 በጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን ተዘጋጅቶ፣ ዊስኮንሲን ግዛት ውስጥ በሌክ ጄኒቫ ከተማ በነበረው ቲ.ኤስ.አር. በተባለ ድርጅት ታተመ። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ አንዱ ግን የጨዋታ መሪ ይሆንና ዓለሙን ይተርካል፤ የጭራቁንም፣ የባለሱቁንም፣ የንጉሡንም ድርሻ እሱ ይናገራል። ተጫዋቹ ማድረግ የሚፈልገውን ይናገራል፤ ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይወረወራል። የጀብዱ መጽሐፍ የሚጻፈው ለመሪው ነው። ቦታውን፣ ነዋሪዎቹን፣ ወጥመዱን፣ ሀብቱንና ምስጢሩን ይዞለት ይቀርባል። ተጫዋቾቹ ገጹን ከነጭራሹ አያዩትም፤ የሚደርሳቸው በመሪው አፍ በኩል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጥበብ ከልብ ወለድ ጥበብ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ልብ ወለድ ጸሐፊ አንባቢውን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ይዞት ይሄዳል። የጀብዱ ጸሐፊ አንባቢ ግን በየደቂቃው ይቋረጣል። በግራ የተቀመጠው ተጫዋች «መስኮቱ ወዴት ያሳያል?» ይለዋል፤ በቀኝ ያለችው «ዘበኛው ልጆች አሉት?» ትለዋለች፤ ሦስተኛው ጸሐፊው በሕልሙም ያላሰበውን መንገድ ይጀምራል። መሪው ያን ጊዜ ወደ ገጹ ጎንበስ ሲል ገጹ ምን ያቀብለዋል? ጀብዱዎችን ከምርጥ እስከ መናኛ የምደረድረው በዚህ ጥያቄ ነው። የታሪኩ ግርማ፣ የሥዕሉ ውበት፣ የመጽሐፉ ዝና ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

«ዳንጅን» የተባለው መጽሔት ጨዋታው 30 ዓመት በሞላበት በ2004፣ ከዚያ በፊት ከወጡት ሁሉ 30 ምርጥ ጀብዱዎችን በደረጃ አውጥቶ ነበር። አንደኛ «ክዊን ኦፍ ዘ ስፓይደርስ»፣ ሁለተኛ «ሬቨንሎፍት»፣ ሦስተኛ «ቱም ኦፍ ሆረርስ»። ለዝርዝሩ አክብሮት አለኝ፤ በአንደኛውና በሦስተኛው ግን አልስማማም።

የኔ አንደኛ «ሬቨንሎፍት» ነው። ትሬሲና ሎራ ሂክማን የተባሉ ባልና ሚስት ጽፈውት በ1983 የወጣ፣ 32 ገጽ ያለው ሥራ ነው። መነሻው ራሱ የባለሙያ ቅሬታ ነበር። ትሬሲ በአንድ ጨዋታ ላይ ዋሻ ውስጥ፣ አንድ ክፍል ሲከፈት፣ ቫምፓየር ቆሞ ያገኛል። ደም መጣጭ ባላባት እዚህ ጭለማ ጉድጓድ ውስጥ ምን ይሠራል? ቤቱ የት ነው? ማንን ይፈልጋል? መልስ አልነበረም። ባልና ሚስቱ መልሱን ራሳቸው ሊጽፉ ተነሱ፤ ከኅትመቱ በፊትም ለተከታታይ ዓመታት በሃሎዊን ሰሞን ከወዳጆቻቸው ጋር ሲጫወቱት ቆዩ። በገጾቹ ላይ የሚታየው ብስለት ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። በጠረጴዛ ላይ ደጋግሞ ያልተፈተነ ሥራ እንዲህ አይጠብቅም።

ቫምፓየሩ ካውንት ስትራድ ይባላል። ባሮቪያ በምትባል፣ ጉም በዋጣት ሸለቆ ላይ ከገደል አፋፍ በተሠራ ቤተ መንግሥት ይኖራል። የወንድሙን እጮኛ ታትያናን ወደደ፤ በሠርጉ ቀን ወንድሙን ገደለ፤ እሷም ከግንቡ ራሷን ወረወረች። አሁን በመንደሩ ውስጥ ያለች አይሪና የተባለች ወጣት ያቺው ሴት ተመልሳ የመጣች ይመስለዋል። እዚህ ላይ ቆሞ ቢሆን ጥሩ የፍርሃት ታሪክ በሆነ ነበር። ሥራውን ታላቅ ያደረገው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ካርታው።

ከመንደሩ ወጣ ብሎ ባለ የተጓዦች ሰፈር ውስጥ ማዳም ኢቫ የምትባል አሮጊት ዕጣ ፈንታ ትናገራለች። ተጫዋቾቹ ድንኳኗ ሲገቡ መሪው ተራ የመጫወቻ ካርታ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፤ በእጁም በአሮጊቷም እጅ። የሚወጡት ካርታዎች አምስት ነገር ይወስናሉ። በስትራድ ላይ የሚሠራው የፀሐይ ሰይፍ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የት እንደተደበቀ፣ ቅዱሱ ምልክት የት እንዳለ፣ የስትራድ ማስታወሻ የት እንደተቀመጠ፣ ስትራድ ራሱ መጨረሻ ላይ የት እንደሚገጥማቸው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዚያ ምሽት ስትራድ ምን እንደሚፈልግ።

ሌላ ጸሐፊ ቢሆን ለመሪው ሠንጠረዥ ይሰጠውና «ከጨዋታው በፊት ቤትህ ዳይስ ጥለህ ወስን» ይለው ነበር። ውጤቱ በወረቀት ላይ አንድ ነው። ሂክማኖች ግን የመሪውን የዝግጅት ሥራ ወስደው የተጫዋቾቹ ትዕይንት አደረጉት። ካርታው ሲገለበጥ የሚያየው ሁሉም ነው፤ መሪውም ከእነሱ እኩል ያያል። ንግርቱ የተጻፈለትን እንደሚያነብ ሰው ያልሆነው ለዚህ ነው፤ በእርግጥም ገና ያልታወቀ ነገር በዓይናቸው ፊት ይታወቃል። አሮጊቷ የምትላቸው እያንዳንዱ ቃል ፍንጭ ነው፤ ከሰዓታት በኋላ አንድ የጨለመ ክፍል ሲገቡ «ያ ያለችው ይህ ነው!» ብሎ የሚጮኽ ተጫዋች ይኖራል። ደግሞም መጽሐፉን አንዴ የተጫወተ ሰው ሁለተኛ ሲመለስ ሰይፉ ሌላ ቦታ ነው፤ የስትራድም ፍላጎት ሌላ ነው። አንድ ስልት አራት ሥራ ይሠራል፤ አንዱም ሌላውን አያጨናንቅም።

ሥራውን ታላቅ ያደረገው ሁለተኛው ነገር የቤተ መንግሥቱ ፕላን ነው። የሣለው ዴቪድ ሳዘርላንድ ነው። በዚያ ዘመን የሚታተሙ ፕላኖች ከላይ ወደ ታች የሚታዩ ጠፍጣፋ ነበሩ፤ ክፍሎች በካሬ ወረቀት ላይ፣ ደረጃ በጥቂት አግዳሚ መስመር። ሳዘርላንድ ሕንፃውን ከማዕዘን አየው። ግንቡ ከፎቅ ፎቅ ሲወጣ፣ ጠመዝማዛው ደረጃ ከመቃብር ቤቱ ተነስቶ ወደ ማማው ሲጠመለል፣ ከዚህ ክፍል ወለል ስር የትኛው ክፍል እንዳለ በአንድ እይታ ይነበባል። ይህ ለጌጥ የተደረገ አይደለም። ስትራድ የሌሊት ወፍ ሆኖ በጭስ መውጫ ይገባል፤ ጉም ሆኖ በስንጥቅ ይወጣል፤ ተጫዋቾቹ ግን እግረኞች ናቸው። መሪው «ከእነሱ በላይ ምን አለ? በስንት እርምጃ ከኋላቸው ይደርሳል?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን ከፕላኑ ላይ በዓይኑ ያነሳዋል። የተቃዋሚው ባሕርይ አቀባዊ ስለሆነ ፕላኑም አቀባዊ ሆነ። እንዲህ ዓይነት በጽሑፍና በሥዕል መካከል ያለ መግባባት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ አላየሁም።

ስትራድ የመጨረሻው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አይጠብቅም። ይመጣል፣ ይመታል፣ ይሄዳል። መጽሐፉ መሪውን ይህን ሰው ብልህ አድርገህ ተጫወተው ይለዋል፤ ለብልህነቱም የሚሆን ቤት፣ መንገድና ፍላጎት አስቀድሞ አሰናድቶለታል።

ጉድለት የለውም አልልም። ተጫዋቾቹን ሸለቆው ውስጥ የሚያስቀራቸው የሚያንቅ ጉም ነው፤ መውጣት የሞከረ ይታመማል። ይህ ጉልበት ነው። ከመቃብር ቤቱ ሐውልቶች በአንዳንዶቹ ላይ የተጻፉት የቃላት ጨዋታዎችም እስከዚያ የተገነባውን ፍርሃት ያላሉታል፤ እኔ መሪ ብሆን አላነባቸውም። ሬቨንሎፍት በ2016 «ከርስ ኦፍ ስትራድ» በሚል ስም 256 ገጽ ሆኖ ተስፋፍቶ ወጥቷል። ሀብታም መጽሐፍ ነው፤ ሸለቆው ሁሉ ነፍስ ዘርቷል። ያ በ32 ገጽ ላይ የነበረው ጥብቀት ግን ከስፋቱ ጋር ላልቷል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አሮጌው ውስጥ የሚቀነስ አንቀጽ ለማግኘት ይቸገራል።

ሁለተኛ የማስቀምጠው ብዙ አንባቢ ስሙን ያልሰማውን ነው፤ የጄኔል ጃኩዌይስን «ካቨርንስ ኦፍ ትራሺያ»። በ1979 ጀጅስ ጊልድ የተባለ የኢሊኖይ ትንሽ አሳታሚ አወጣው። ኅትመቱ ርካሽ ነው፤ ጽሑፉ ተጨናንቋል፤ መሪው እርሳስ ይዞ እያሰመረ ካላነበበው ይጠፋበታል። አንደኛ እንዳይሆን ያደረገው ይህ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

የጃኩዌይስ ብልሃት መሬት ስር ያለውን ሥፍራ የምታያይዝበት መንገድ ነው። አብዛኛው የዘመኑ ዋሻ በር አለው፣ ከበሩ ኮሪደር፣ ከኮሪደሩ ክፍል፣ ከክፍሉ ሌላ ክፍል፤ መጨረሻ ላይ አለቃው። ተጫዋቹ ምርጫ ያለው ይመስለዋል እንጂ የለውም፤ ወይ ወደፊት ነው ወይ ወደ ቤት ነው። «ትራሺያ» ግን ከላይ ፍርስራሽ አለው፤ ከፍርስራሹ ወደ ታች የሚወስደው መንገድ አንድ አይደለም። አንዱ ደረጃ ወደሚቀጥለው ወለል ያወርዳል፤ ሌላው ያንን ወለል ዘሎ ወደ ጥልቁ ይወስዳል። ከፍ ካለ ሰገነት ላይ ቆመህ ገና ያልደረስክበትን የታችኛውን ክፍል የምታይበት ቦታ አለ። መንገዶቹ ዞረው ይገናኛሉ።

ይህ በወረቀት ላይ ብዙ አይመስልም። ጠረጴዛ ላይ ግን ሁሉን ነገር ይለውጣል። ሁለት መንገድ ባለበት ከኋላ መምጣት ይቻላል፤ ጠላትም ከኋላ ሊመጣ ይችላል። መሸሽ ይቻላል፤ ሸሽቶም ያልታየ ቦታ ላይ መውጣት አለ። የጠፋ ሰው አለ፤ መንገዱን ያገኘ ሰው ደስታ አለ። ተጫዋቹ የሚስለው ንድፍ፣ ያ በካሬ ወረቀት ላይ በእርሳስ የሚጭረው፣ እውነተኛ ሀብት ይሆናል፤ ምክንያቱም ሁለት መስመሮች በሥዕሉ ላይ ሲቀራረቡ «እዚህ መሀል የተሰወረ ነገር መኖር አለበት» የሚያሰኘው እሱ ነው። ጃኩዌይስ የተጫዋቹን ንድፍ ሳይቀር የጨዋታው አካል አድርጋ ነው የገነባችው።

በዚያ ላይ ዋሻው ዕድሜ አለው። መጀመሪያ የሠሩት፣ በኋላ የወረሱት፣ አሁን የሚኖሩበት የተለያዩ ናቸው፤ እንሽላሊት መሳይ ሰዎች አሉ፣ የአውሬ ራስ ያላቸው ፍጡራን አሉ፣ ታናቶስ የተባለውን የሞት አምላክ የሚያመልኩ ሰዎች አሉ። እርስ በርሳቸው የቆየ ቂም አላቸው። ግድግዳና ሐውልት እያየ የቆመ ተጫዋች ማን ማንን እንደገዛና ማን እንደገለበጠ ቀስ በቀስ ይገባዋል፤ ያወቀውም ታሪክ ለመደራደሪያ ይሆነዋል። ጃኩዌይስ በኋላ ወደ ቪዲዮ ጨዋታ ገብታ ለ«ክዌክ» ተከታታይ ጨዋታዎች ሥፍራዎችን ነድፋለች፤ በ2024 አርፋለች። በዋሻ ነደፋ ረገድ ከእሷ በኋላ የመጣ ማንም ሰው የእሷን ሥራ ሳያይ አለፈ ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

ሦስተኛዬ ከሌላ ጨዋታ ነው። «ዋርሃመር ፋንታሲ ሮልፕለይ» የተባለው የእንግሊዞች ጨዋታ ከ1986 ጀምሮ «ዘ ኢነሚ ዊዚን» የሚል ተከታታይ ጀብዱ ነበረው። ከእነሱ አንዱ በ1988 የወጣው የካርል ሳርጀንት «ፓወር ቢሃይንድ ዘ ትሮን» ነው። ሚድንሃይም የተባለች ከተማ ዓመታዊ በዓሏ ላይ ናት። በከተማዋ ላይ የተጣለ አዲስ ግብር አለ፤ ድንክዬዎቹን፣ አስማተኞቹንና ካህናቱን ያስለቅሳል። ማን ነው ይህን ሕግ ያስወጣው? ለምን? ጦር ተመዞ የሚገኝ መልስ አይደለም። ቤተ መንግሥት ገብቶ ከሹማምንት ጋር መብላት፣ መጨዋወት፣ መወዳጀት፣ ማን ከማን ጋር እንደሚያመሽ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሳርጀንት ለዚህ የሰጠው መፍትሔ ፕሮግራም ነው። እያንዳንዱ ትልቅ ሰው በበዓሉ ቀናት ጠዋት የት እንደሚገኝ፣ ከሰዓት በኋላ የት፣ ማታ የት፣ ሁሉም ተጽፏል። ስለዚህ ተጫዋቾቹ የሄዱበት ቦታ ሁሉ ሰው አለበት፤ ያልሄዱበትም ቦታ ሕይወት ይቀጥላል። መሪው «ዛሬ ማታ ድግሱ ላይ ማን አለ?» ብሎ ከማሰብ ይገላገላል፤ ጭንቅላቱን ለሰዎቹ ጠባይ ያውለዋል። የግብሩን ጉዳይም እንደ ክር ጫፍ ማስቀመጡ ድንቅ ነው። ከተማ መንገድ ላይ ሁሉም የሚያማርርበት ነገር ስለሆነ ተጫዋቾቹ ፍንጭ እየሰበሰቡ መሆናቸውን ሳያውቁ ይሰበስቡታል። ሸክሙ ግን ከባድ ነው፤ ያን ያህል ሰው በልቡ መያዝ የማይችል መሪ እጅ ላይ ከወደቀ ይበተናል።

ለጀማሪ መሪ የምሰጠው መጽሐፍ ቢኖር በ2014 የወጣው «ሎስት ማይን ኦፍ ፋንዴልቨር» ነው፤ በአራተኝነት አስቀምጠዋለሁ። መንገድ ላይ ሁለት የሞቱ ፈረሶች ይታያሉ፤ ጎብሊኖች አድፍጠዋል። ፈለጋቸውን ተከትሎ የምትገኘው ዋሻ ትንሽ ናት፤ ነገር ግን ሌላው መጽሐፍ በመቶ ገጽ የሚያስተምረውን ታስተምራለች። በጭስ ማውጫ መሰል ቀዳዳ ሽቅብ ወጥቶ አለቃው ክፍል ውስጥ መገኘት ይቻላል። ጎብሊኖቹ የገደቡትን ውሃ ለቅቀው መጪውን ሊያጥለቀልቁ ይችላሉ። ዪሚክ የሚባለው ምክትል ደግሞ ምርኮኛ ይዞ ይደራደራል፤ አለቃዬን ግደሉልኝና ሰውዬውን ውሰዱ ይላል። በመጀመሪያው ምሽት፣ በመጀመሪያው ዋሻ፣ ጀማሪ ተጫዋች ከሰይፍ ሌላ መሣሪያ እንዳለው ይማራል። የጋይጋክስ የወርቅ ከረጢት የልጅ ልጅ ይህ ዪሚክ ይመስለኛል።

የጋይጋክስ «ኪፕ» ራሱ ከዚህ ቀጥሎ ነው። ለጀማሪዎች በተዘጋጀው ሣጥን ውስጥ እየተጨመረ በመሸጡ፣ በአሜሪካ የአንድ ትውልድ ተጫዋቾች የመጀመሪያ ጀብዱ ሆኗል። ሸለቆ ውስጥ ግራና ቀኝ የተከፈቱ የዋሻ አፎች፣ እያንዳንዱ ውስጥ የተለያየ ወገን፤ የቱን ቀድመው እንደሚገቡ የሚወስኑት ተጫዋቾቹ ናቸው። ኪፕ የተባለው ምሽግ ሰዎች ስም የላቸውም፤ አዛዡ «አዛዡ» ነው፣ ካህኑም «ካህኑ»። አንዳንዶች ስንፍና ነው ይላሉ፤ እኔ ለመሪው የተተወ ድርሻ አድርጌ አየዋለሁ። ያሳዝነኛል የምለው ሌላ ነው። በየዋሻው ሴቶችና ልጆች በቁጥር ተመዝግበዋል፤ ከውጊያው በኋላ ምን እንደሚሆኑ ግን መጽሐፉ አንድም ቃል የሚረባ ነገር አይናገርም። ወታደራዊ ዝርዝሩ ሙሉ ነው፤ ከዝርዝሩ የሚመጣው ጥያቄ ግን ለጠረጴዛው ተጥሏል፤ ጠረጴዛው ዙሪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተቀመጡት ልጆች ነበሩ። የጎብሊኖቹን ገንዘብ ያን ያህል ያሰበ ጸሐፊ ይህንንም ሊያስብ ይችል ነበር።

አሁን ወደ «ክዊን ኦፍ ዘ ስፓይደርስ»። በ1986 አንድ ላይ የተጠረዘው ይህ ሥራ ከ1978 እስከ 1980 በተናጠል የወጡ መጻሕፍት ስብስብ ነው። መጀመሪያው ድንቅ ነው። ግዙፋኑ በአዳራሻቸው ድግስ ላይ ናቸው፤ ተጫዋቾቹ ተሹለክልከው ይገባሉ፤ ከታች ባለው እስር ቤት ደግሞ ያመፁ የኦርክ ባሮች አሉ። ከግዙፋኑ ጀርባ ሌላ እጅ እንዳለ ማንም አይነግራቸውም፤ በሚያገኟቸው ምልክቶች ራሳቸው ይደርሱበታል። ከምድር በታች ያለችው፣ ድራው የተባሉ ፍጡራን የሚኖሩባት ከተማ ስትደርስ ጋይጋክስ ከፍታው ላይ ነው፤ የተቀናቃኝ ቤተሰቦች ሽኩቻ አለ፤ ጦር ሳይመዘዝ ሊያልፉባት የሚቻል ከተማ ናት። የመጨረሻውን መጽሐፍ ግን የጻፈው ያው የሬቨንሎፍትን ፕላን የሣለው ሳዘርላንድ ነው። የሸረሪቶች ንግሥት ድር የሚሄድበት ፕላን፣ መንገዶቹ አንዱ ባንዱ ላይና ስር የሚጠላለፉበት፣ ለዓይን ግሩም ነው። በውስጡ የሚገኙት ክፍሎች ግን ክፍል ብቻ ናቸው፤ እስከዚያ የተገነባው ሴራና ሽኩቻ ተረስቶ ጭራቅ በጭራቅ ይሆናል። ሙሉውን ሥራ እንደ አንድ ሥራ ካየነው ፍጻሜው ወደ ስድስተኛ ያወርደዋል።

«ቱም ኦፍ ሆረርስ»ን ከዚህ በታች ሳስቀምጥ ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ጋይጋክስ በ1975 ለአንድ የጨዋታ ጉባኤ አዘጋጅቶ በ1978 አሳተመው። ገጸ ባሕርያችን አይበገርም ለሚሉ ተጫዋቾች የተሠራ መቃብር ነው፤ ባለቤቱ አሴረራክ ከሞት ተርፎ የቀረ አስማተኛ ነው። ጭራቅ እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚገድለው ቤቱ ነው። አብሮት የመጣው የሥዕል መጽሐፍ ሊወደስ ይገባዋል። መሪው «ግድግዳው ላይ ይህን ታያላችሁ» ብሎ ሥዕሉን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ተጫዋቾቹ በገዛ ዓይናቸው ያዩታል፤ ፍንጩን የሚያገኘው ዳይስ ሳይሆን አትኩሮ ያየ ሰው ነው። በወቅቱ ይህ ትልቅ ግኝት ነበር፤ እስካሁንም በቂ ሰው አልተከተለውም።

ነገር ግን አረንጓዴው ፊት አለ። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ የተቀረጸ ሰይጣናዊ ገጽ ነው፤ አፉ ጭልም ያለ ቀዳዳ። የገባበት ሁሉ ለዘለዓለም ይጠፋል። ወለሉ ላይ የተሰወረ ግጥም ፍንጮች ይሰጣል፤ ጠንቃቃ ሰው መጀመሪያ ዱላ ይሰድበታል። ይህ ተገቢ ነው። ወደ ውስጥ እየተገባ ሲሄድ ግን ጥቂት የማይባሉት ወጥመዶች መልሳቸው የሚታወቀው በሞተ ሰው ነው። የእኔን መለኪያ እዚህ ላይ ሳነሳ መጽሐፉ ለመሪው የሚያቀብለው ፍርድ ነው፤ ሌላ ነገር አያቀብለውም። የሥዕሎቹ ጥበብ ባይኖር ከዚህም በታች በወረደ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የማስቀምጠው «ድራገንስ ኦፍ ዲስፔር» በ1984 ወጣ፤ ጸሐፊው ትሬሲ ሂክማን ነው። ሬቨንሎፍትን የጻፈው እጅ ከአንድ ዓመት በኋላ እንዴት ይህን ጻፈ? ጥበቡ አልጠፋበትም። የፈረሰችው ከተማ ዛክ ሳሮት ፕላኗ የሚደንቅ ነው፤ በሰንሰለት ላይ የሚወርዱና የሚወጡ ግዙፍ ድስቶች እንደ አሳንሰር ያገለግላሉ፤ ውጊያ በድስት ላይ ሆኖ ማየት የማይወድ ተጫዋች አላውቅም። ችግሩ ከጀብዱው ጎን ልብ ወለድ እየተጻፈ መሆኑ ነበር፤ ታሪኩም አስቀድሞ ተወስኗል። ጀግኖቹ ተሠርተው ይሰጣሉ። ወደ ሌላ አቅጣጫ ለሄደ ተጫዋች ወራሪ ጦር እየመጣ ይመልሰዋል። ለታሪኩ የሚያስፈልግ ሰው ቢሞት አሟሟቱ እንዲደበዝዝ፣ ሬሳው እንዳይገኝ፣ በኋላ እንዲመለስ መጽሐፉ ይመክራል። ባሮቪያ ውስጥ ያለው ጉም ተጫዋቹን በሸለቆው ይዘጋዋል እንጂ በሸለቆው ውስጥ ነፃ ነው፤ እዚህ ግን ነፃ የሆነ ሥፍራ የለም። ትሬሲ ታሪኩን ወደደው፤ ተጫዋቹን ያስቀየመው ያ ፍቅር ነው።

መጨረሻ ላይ «ዘ ፎረስት ኦራክል» አለ፤ እሱም የ1984 ሥራ ነው። እርግማን የያዘው ሸለቆ፣ መድኃኒት ፍለጋ፣ ጫካ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ክፉው የዓረፍተ ነገር ሥራው ነው። ጮክ ተብሎ ለተጫዋቾች እንዲነበብ በተዘጋጀ አንድ ቦታ ላይ መንገደኞች ይመጣሉ። ጽሑፉ ሳይዘገዩም ሳይሮጡም እንደሚራመዱ ይናገራል፤ ፊታቸው ላይ ምንም እንደማይነበብ ይናገራል፤ ወታደር እንዳልሆኑ፣ እንደማይቀልዱ፣ እንደማይዘፍኑ ይናገራል። መሣሪያ መያዛቸውን ይነግራል፤ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሆነ ግን አይነግርም። አዳምጦ የጨረሰ ተጫዋች የሚጠይቀው ሁሉ መልስ የለውም፤ መሪውም ገጹን ቢያገላብጥ አያገኘውም። ሊደረግ የሚችለው ያንን አንቀጽ ሰርዞ በቦታው ሦስት ነገር መጻፍ ነው፤ በእጃቸው የያዙትን፣ የሚሄዱበትን፣ መንገደኛ ሲያዩ የሚፈሩትን። መጽሐፉን ያልጣለ መሪ ከገጽ ገጽ ይህን ሥራ እየሠራ መሄድ አለበት፤ ሲጨርስም በእጁ ያለው የራሱ ጀብዱ ነው።